ቆጣሪው አልተበላሸም

እናቴ በማሽን መተንፈስ የጀመረችው፣ እኔ ስለ ኤሌክትሪክ ቆጣሪ መጻፍ በጀመርኩ በዓመቱ ነው። ሁለቱ ነገሮች አንድ ቀን ይገናኛሉ ብዬ አስቤ አላውቅም።

የምሠራው የኤሌክትሪክ ዕቃ ከውጭ በሚያስመጣ ድርጅት ውስጥ ነው። ለጨረታ የሚሆኑ ሰነዶች አዘጋጃለሁ፤ የዓለም የቆጣሪ ገበያ ወዴት እየሄደ እንደሆነ እያነበብኩም ለአለቃዬ አሳጥሬ አቀርባለሁ። ሥራዬን የሚጠይቀኝ ሰው ይህን ስነግረው ይስቃል። ቆጣሪም ገበያ አለው እንዴ ይለኛል። አለው። መብራት የገባበት ቤት ሁሉ ቆጣሪ አለው፤ ዓለም ደግሞ ቆጣሪውን እየቀየረ ነው። አውሮፓውያን ጎማው እየዞረ የሚቆጥረውን የድሮውን ዓይነት በአብዛኛው አንስተዋል። የቻይና ፋብሪካዎች አገራቸውን አዳርሰው ፊታቸውን ወደ ውጭ አዙረዋል። ህንድ በዘመቻ እየቀየረች ነው። አፍሪካ ደግሞ በማነበው ጥናት ሁሉ መጨረሻ ላይ “ቀጣዩ ገበያ” ተብላ ብቅ ትላለች። ጉዞው ሁሉ ወደ ስማርት ቆጣሪ ነው፤ ከማእከል ጋር በራሱ የሚነጋገር፣ ከሩቅ የሚነበብ፣ ከሩቅ የሚከፈትና የሚዘጋ ቆጣሪ። ይህን ስጽፍ አምኜበት ነበር። አሁንም ቢሆን ሐሳቡ ክፉ ነው አልልም።

ቤታችን ከዊንጌት ወደ ሸጎሌ ሲኬድ፣ ከአስፋልቱ ወደ ውስጥ ገባ ብሎ ነው። እናቴ ታላቅ ወንድሜንና እኔን በዚያ ቤት የተማሪ ዩኒፎርም እየሰፋች አሳደገችን። በሰፈሩ የእሷን ሱሪ ወይም ጉርድ ሳይለብስ የተማረ ሰው ጥቂት ነው። ከስፌቱ ሌላ የነበራት ነገር መዝሙር ነው። ከልጅነቷ ጀምሮ በቤተ ክርስቲያናችን መዘምራን ውስጥ ቆማለች፤ ድምፅዋ ቀጭንና ከፍ ያለ ስለሆነ ማይክሮፎን ሲሰጧት ራቅ አድርጋ ነበር የምትይዘው። ሳንባዋ መድከም ሲጀምር መጀመሪያ ያጣችው እሱን ነው። አንድ ስንኝ ሳትጨርስ ትንፋሿ ያልቅባታል። ሐኪሙ የብዙ ዘመን የከሰልና የማገዶ ጭስ ያመጣው ነው አለን። የምትኖሩበት ከፍታም አይረዳትም ብሎ፣ ከአየር ላይ ኦክስጅን አጣርቶ የሚሰጥ ማሽን አዘዘላት።

ማሽኑ የትንሽ ፍሪጅ ያህል ነው። በቀጭን ቱቦ ከአፍንጫዋ ጋር ተያይዞ ቀኑን ሙሉ ያጉረመርማል። መብራት ሲጠፋ ለአንድ ቀን ያህል የሚያቆይ የኦክስጅን ሲሊንደር አልጋዋ ራስጌ አቁመናል። በሰፈራችን መብራት መጥፋቱ ብርቅ አይደለም፤ ግን ይመጣል። ይመጣል በሚለው ላይ ነበር የምንኖረው።

አዲሶቹ ቆጣሪዎች ወደ መንደራችን የመጡት ባለፈው በጋ ነው። ሠራተኞቹ መሰላል ተሸክመው ከበር በር ሲዞሩ እኔ የዓመት ፈቃድ ላይ ስለነበርኩ ቤት ነበርኩ። ጎረቤቶቼ ተሰብስበው ይሄ ነገር ምንድን ነው፣ ሂሳቡን ሊያንረው ነው ወይ ብለው ጠየቁኝ። የማውቀውን አስረዳኋቸው። ከእንግዲህ ቆጣሪ አንባቢ በር አያንኳኳም፤ ካርድ ለመሙላትም ሰልፍ አትሰለፉም፣ በስልካችሁ ትሞላላችሁ አልኳቸው። እናቴ የማሽኗን ቱቦ እንዳደረገች መስኮቱ ጋ ተቀምጣ ስትሰማኝ ደስ እያላት ነበር። ልጇ ስለምታውቀው ነገር በአደባባይ ስትናገር ሰምታ አታውቅም።

ያላሳመንኳቸው አንድ ሰው ነበሩ። አጥር የምንጋራቸው ጡረታ የወጡ የከባድ መኪና ሹፌር ናቸው፤ ከልጅነቴ ጀምሮ ጋሼ ነው የምላቸው። የእኔን ቆጣሪ ጎማውን ሲዞር አየዋለሁ፤ የእናንተን ግን ማን እንደሚያዞረው አላውቅም አሉኝ። ሠራተኞቹ ወደ እሳቸው በሚደርሱበት ዕለት ማለዳ በራቸውን ቆልፈው እንጦጦ ማርያም ሄዱ። ሠራተኞቹም አንኳኩተው አንኳኩተው አለፏቸው። ከሰዓት በኋላ በፕላስቲክ ጠርሙስ ጸበል ይዘው ተመለሱና ለእናቴ ሰጧት። እኛ ጴንጤዎች እንደሆንን ያውቃሉ። እናቴ ጸበሉን አልጠጣችውም፣ አልደፋችውምም። በፍቅር የመጣ ነው ብላ ጠረጴዛዋ ላይ አኖረችው።

ክረምቱ ሊገባ ሲል አንድ ቅዳሜ፣ ነፋስ ያዘመመውን የመንደራችንን ምሰሶ ለማቃናት ሠራተኞች መጡ። ሽቦ ሲፈታና ሲታሰር ዋለ። በማግስቱ እሑድ፣ ከአምልኮ ተመልሼ ልብሴን እየቀየርኩ ሳለ የማሽኑ ድምፅ ድንገት ቆመ። ያንን ዝምታ ለማያውቀው ሰው መግለጽ ይከብዳል። ቤቱ ውስጥ ሌላ የሚንጫጫ ነገር እንኳ ቢኖር፣ ዝምታው ብቻ ነው የሚሰማው። ሮጬ ቱቦውን ወደ ሲሊንደሩ አዛወርኩና ወደ ውጭ ወጣሁ። የጎረቤት ቴሌቪዥን ይሰማል። የጠፋው የእኛ ብቻ ነበር።

ቆጣሪው ላይ የሞላሁት ሂሳብ ገና አላለቀም። ከቁጥሩ ጎን ግን ትንሽ የቁልፍ ምስል ወጥታለች፤ ከሥሯ ቀይ መብራት ብልጭ ድርግም ይላል። ምን ማለት እንደሆነ አወቅኩ። እንዲህ ያለውን ምስል በብዙ ፋብሪካዎች መመሪያ ውስጥ አይቼዋለሁ፤ ተርጉሜዋለሁም። ቆጣሪው ሰው ነካክቶኛል ብሎ ራሱን ቆልፏል።

መብራት ኃይል ስልክ ደወልኩ፣ ተመዘገብኩ። የሕመምተኛ ቤት ነው ብዬ ስለለመንኩ ይሁን በዕድል፣ ሰኞ ከሰዓት በኋላ አንድ ቴክኒሻን መጣ። ወጣት ነው፤ ላፕቶፑን በጀርባው አዝሏል። መጀመሪያ እናቴን አይቶ “ማዘር እንዴት ነዎት?” አላት፤ ከዚያ ቆጣሪው ሥር ወንበር ላይ ቆሞ ገመዱን ሰካ። ብዙ ቆየ። ሲወርድ ፊቱ ላይ የማፈር ነገር አየሁ።

“እህቴ፣ ቆጣሪው አልተበላሸም” አለኝ። “ቢበላሽ ይሻል ነበር፤ ቀይሬልሽ እሄድ ነበር።”

ነገሩን ያስረዳኝ በጥሩ አማርኛ ነው። ምሰሶው ሲቃና ሽቦው ሲንቀሳቀስ ቆጣሪው የሌባ እጅ መስሎታል። ያንን መዝግቦ በማግስቱ በሩን ዘግቷል። እንዲከፍት ከዋናው ሲስተም የሚላክ ኮድ ያስፈልገዋል፤ ሲስተሙ ደግሞ ለዚህ ዓይነት ቆጣሪ ኮድ መላክ አቁሟል። ለምን አቆመ አልኩት። የሠራው ፋብሪካ ለሌላ ተሸጧል፣ ሶፍትዌሩ ወደ አዲሶቹ ባለቤቶች እየተዛወረ ነው ይባላል አለኝ። እኔ ኮዱን አልሠራውም፣ የሚሠራውን ሰውም አላውቀውም አለ። አንስተህ ሌላ ግጠምልኝ ስለው፣ የቤታችን ደንበኝነት ከዚያ ቆጣሪ ጋር በሲስተሙ ስለታሰረ መጀመሪያ መፈታት አለበት አለኝ። የሚፈታውም ያው ሲስተም ነው።

ስለ ፋብሪካው መሸጥ አውቅ ነበር። ከወራት በፊት በሥራዬ ላይ አንብቤዋለሁ። ትልልቆቹ ኩባንያዎች ትንንሾቹን እየገዙ ነው፣ ገበያው በጥቂቶች እጅ እየገባ ነው የሚል ዜና ነበር፤ ከብዙ ተመሳሳይ ዜናዎች አንዱ። እኛ በር ላይ የተሰቀለውን ቆጣሪ የሠራው እሱ መሆኑን ያወቅኩት ግን ቴክኒሻኑ ከሄደ በኋላ፣ እኔም ወንበሩ ላይ ወጥቼ በክዳኑ ሥር የተጻፈውን ሳነብ ነው።

ያን ቀን ማታ ሳይደርስ ጋሼ በአጥሩ ላይ ረጅም ማራዘሚያ ገመድ ወረወሩልን። በቁጠባ ያቆየነው ሲሊንደር እያለቀ ነበር። ገመዱን በመስኮት አስገብተን ማሽኑን ስንሰካው ማጉረምረም ጀመረ፤ እናቴም ዓይኗን ጨፍና እጇን ወደ አጥሩ አነሳች፤ እሳቸውን መመረቋ ነው።

በማግስቱ ወደ መብራት ኃይል ቢሮ ሄድኩ። በሚቀጥለው ቀንም። ከዚያ በኋላም ብዙ ጊዜ ሄጃለሁ፤ ሥራ ቦታዬ መግባት ያለብኝን ሰዓት እያሳለፍኩ። ከሰልፉ ውስጥ እንደ እኔ የተቆለፈባቸው ሰዎች ነበሩ። አንዱ ፀጉር አስተካካይ ነው፤ ቤቱን ዘግቶ መጥቷል። አንዷ የሸጎሌ ሥጋ ነጋዴ ናት፤ ፍሪጇ ጠፍቶ ሥጋውን ለዘመድ እንዳከፋፈለች ነገረችኝ። መስኮቱ ጋ ስንደርስ የምትጠብቀን ሴት ትሕትና የጎደላት አልነበረችም። ስልኳን አውጥታ እያየን ትደውልልናለች። የሚያነሳላት ሰው “ሲስተም የለም” ይላታል፤ እሷም ዞራ “ሲስተም የለም” ትለናለች። አንድ ቀን የሐኪሙን ማስረጃ አሳየኋት። ወረቀቱን አንብባ ዓይኗ እንባ አቀረረ። እኔም እናት አለችኝ አለች። እንዲህ ያለ ሰው ላይ መጮህ አይቻልም። ሁሉም ሰው ደግ ነበር፣ ማንም ምንም ማድረግ አይችልም ነበር።

ለአለቃዬ የማረፍድበትን ምክንያት መንገር ነበረብኝ። ክፉ ሰው አይደሉም። እናቴ ስትታመም ሆስፒታል መጥተው የጠየቁኝ እሳቸው ናቸው። ነገሩን ሰምተው ከልባቸው አዘኑ፣ የሚያውቁት ሰው ጋ ደወሉ፤ እሱም ሲስተሙ ከእጁ ውጭ እንደሆነ ነገራቸው። ከዚያ ወንበራቸው ላይ ደገፍ ብለው ትንሽ አሰቡና፣ የተቆለፈውን ቆጣሪ ፎቶ አንስቼ ላመጣላቸው እችል እንደሆነ ጠየቁኝ። ሌላ ጨረታ እየመጣ ነው፤ ፋብሪካው ለሌላ ሲሸጥ የማይዘጋ ዕቃ እናቀርባለን ብለን የምናሳይበት ጥሩ ምሳሌ ነው አሉ።

“እናቴ ትታይ ወይስ ቆጣሪው ብቻ?” አልኳቸው።

ደነገጡ። ይቅርታ አድርጊልኝ፣ እንደዚያ ማለቴ አይደለም አሉኝ። እኔም ለማስደንገጥ ብዬ አልነበረም፤ በእርግጥ ምን እንደሚፈልጉ ለማወቅ ነው የጠየቅኩት። በማግስቱ የቆጣሪውን ፎቶ አነሳሁና ላክሁላቸው። ምን ላድርግ? የሳቸው ዕቃም በሌላ አገር ፋብሪካ የሚሠራ ነው። ያም ነገ ይሸጥ አይሸጥ ማን ያውቃል።

በአጥሩ የመጣው መብራት ብዙ አልቆየልንም። የጋሼ መስመር የድሮ ነው፤ ሽቦው ቀጭን ነው። ግቢያቸው ውስጥ አንዲት አራስ ተከራይ አለች። እሷ የኤሌክትሪክ ምድጃዋን ስታበራ ኃይሉ ይወርድና የእናቴ ማሽን ይንጫጫል። ጋሼ ምድጃውን አጥፊ አሏት። አጠፋች። በማግስቱ ልጇን ለማጠብ ውኃ ለማሞቅ ስትል ማሽኑ እንደገና ተንጫጫ። አጠፋች።  አጥሩ አጠገብ ሆና ሕፃኑን ይዛ ወደ መስኮታችን ስትመለከት እናቴ አይታታለች።

እናቴ ያን ቀን ጠራችኝና ገመዱን መልሽላቸው አለችኝ። እምቢ አልኩ። ሕፃን በቀዝቃዛ ውኃ እየታጠበ እኔ አልተነፍስም አለች። ስትናገር ከቃል ቃል መሐል ታርፋለች፤ ለማቋረጥ ብፈልግም ያ ማረፏ አፌን ይይዘዋል።

ጋሼ ሌላ መፍትሔ ይዘው መጡ። የሚያውቁት ኤሌክትሪሺያን አለ፤ ቆጣሪውን ዘልሎ ከምሰሶው በቀጥታ ያያይዝልናል። እኔ ወዲያውኑ ይምጣ አልኩ። የተከለከለ መሆኑን አውቃለሁ፤ በሥራዬ “የኃይል ስርቆት” በሚል ርዕስ ስንት ገጽ ጽፌበታለሁ። ግድም አልነበረኝ። ሰውየው መጥቶ ግድግዳውን ሲያይ እናቴ ከክፍሏ ግድግዳ እየያዘች ወጣች። ቱቦው ከአፍንጫዋ ወርዷል።

“እማዬ፣ ግቢ” አልኳት።

“በተሰረቀ መብራት አልተነፍስም” አለች።

“ስርቆት አይደለም። ከፍለንበታል። ሂሳቡ እዚያው ውስጥ አለ።”

“እሱን አንቺና እነሱ ታውቁታላችሁ። እኔ አንድ ስንኝ የማልጨርስ ሰው ነኝ፤ የቀረኝ ንጹሕ አፍ ነው።”

ኤሌክትሪሺያኑ እኔን አየ፤ ጋሼን አየ። ፒንሳውን ወደ ቦርሳው መለሰና ይቅር ይበሉኝ ማዘር ብሏት ወጣ። ጋሼም ተከትለውት ወጡ። እኔ እዚያው ቆጣሪው ሥር ቆሜ ቀረሁ። በእናቴ እንደዚያ ቀን ተናድጄ አላውቅም፤ ለመናደድም መብት እንደሌለኝ አውቅ ነበር።

ገመዱን ለጋሼ መለስንላቸው፤ ከዚያ በኋላ ቀን ቀን ቤተ ክርስቲያን አዋልናት። ጄኔሬተር አላቸው፤ የሰንበት ትምህርት ቤቱ ሕፃናት የሚቀመጡበትን ክፍል ሰጡን። ማሽኑን በራይድ ታክሲ ጭኜ ጠዋት ወስጄ አደርሳታለሁ፤ አመሻሽ ላይ እመልሳታለሁ። ሌሊቱን የሚያሳድራት ሲሊንደሩ ነው። ሲሊንደር ማስሞላት ራሱ ሥራ ሆነብኝ። ዝቅተኛ የልጆች ወንበሮች መካከል በትልቅ ወንበር ተቀምጣ፣ ግድግዳው ላይ በቀለም የተሳሉ የኖኅ መርከብና ቀጭኔዎች እያየች ትውላለች። መዘምራኑ በአጠገቡ ባለው አዳራሽ ሲለማመዱ ይሰማታል። አንድ ቀን ልወስዳት ስመጣ ከንፈሯ ሲንቀሳቀስ አየሁ። አብራ ትዘምር ነበር፣ ያለ ድምፅ። እንዳላየሁ ሆኜ በር ላይ ቆየሁ።

ለብዙ ቀን ግን አልሆነም። ክረምቱ ገባ። በዝናብ መመላለሱ ሳል አመጣባት። ታላቅ ወንድሜ፣ ናዝሬት የሚኖር አስተማሪ ነው፣ ሁልጊዜም ወደ እኔ ትምጣ ይል ነበር፤ ቆላው ለሳንባዋ ይሻላል፣ ሐኪሙም ብሏል ይላል። እሷ ነበረች ቤተ ክርስቲያኔንና መዘምራኖቼን ትቼ አልሄድም የምትለው። አንድ ማለዳ በራይዱ ውስጥ፣ ማሽኑን መሐላችን አስቀምጠን ወደ ቤተ ክርስቲያን ስንሄድ፣ ወደ ወንድምሽ ደውዪ አለችኝ።  እዚያው ስልኬን አወጣሁ።

ወንድሜ ቅዳሜ መኪና ይዞ መጥቶ ወሰዳት። መዘምራኑ ግቢያችን ድረስ መጥተው ጸለዩላት። ጋሼ ፊት ወንበር ላይ አስቀመጧት፤ ቀበቶዋን ራሳቸው አሰሩላት፤ የሹፌር ነገር ሆኖባቸው ጎማዎቹን በእግራቸው ገፋ ገፋ አድርገው ፈተሹ። አራሷም ልጇን ታቅፋ መጥታ ነበር። እናቴ ሕፃኑን ግንባሩ ላይ ስማው ሄደች።

እኔ በዚያ ቤት ያለ መብራት ቀረሁ። ወደ ቢሮው መሄዴን አላቆምኩም፤ ግን እንደ በፊቱ አልለምንም። እሰለፋለሁ፣ ሲስተም የለም እባላለሁ፣ እመለሳለሁ።

አንድ ሐሙስ ከሥራ ገብቼ በሩን ስከፍት ፍሪጁ ሲያጉረመርም ሰማሁ። መጀመሪያ የእናቴ ማሽን መስሎኝ ወደ ክፍሏ ሄድኩ። ክፍሉ ባዶ ነው። ወጥቼ ቆጣሪውን አየሁት፤ የቁልፏ ምስል የለችም፤ መብራቱ አረንጓዴ ነው። የሞላሁት ሂሳብ እንዳለ ነው። ማንም አልመጣም፣ ማንም አልነካውም። ጋሼን ጠየቅኳቸው፤ ቀኑን ሙሉ ደጅ ነበርኩ፣ መሰላል የያዘ ሰው አላየሁም አሉኝ። ቴክኒሻኑ ጋ ደወልኩ። ከላይ ተለቅቆ ይሆናል አለኝ፤ ከላይ ማለት የት እንደሆነ ግን እሱም አያውቅም። ደስ ይበልሽ ብሎኝ ስልኩን ዘጋ።

እናቴ ጋ ደወልኩና መጣ አልኳት። ማን አለችኝ። መብራቱ አልኳት። ለምን እንደተቆለፈብንስ ነገሩሽ ወይ ብላ ጠየቀችኝ። አልነገሩኝም አልኩ።

ቅዳሜ ወደ ናዝሬት ወረድኩ። እናቴ በወንድሜ ግቢ ውስጥ፣ ከፓፓያው ሥር ተቀምጣለች። ፊቷ ሞልቷል፤ ቆላው በእርግጥ ተስማምቷታል፤ ቀን ላይ ቱቦውን ለትንሽ ጊዜ ማውለቅ ጀምራለች። ስለ ቤተ ክርስቲያን ጠየቀችኝ፣ ስለ ሕፃኑ ጠየቀችኝ። በወንድሜ ቤት የሚያስከፋት ነገር የለም፤ ግን የምታውቀው ሰው የለም፤ የሠፈሩን ቤተ ክርስቲያን አልለመደችውም። ክረምቱ ሲወጣ ወደ ቤትሽ እንመለስ አልኳት። 

“ተመልሶ እንደማይቆለፍ ታውቂያለሽ?” አለችኝ።

የዓለምን ገበያ አነባለሁ። ማን ማንን እንደገዛ፣ የትኛው አገር ምን ያህል እንደቀየረ፣ የሚቀጥለው ጨረታ የት እንደሚወጣ አውቃለሁ። እናቴ የጠየቀችኝን ግን አላውቅም፤ የሚያውቅ ሰውም አላገኘሁም።

“አላውቅም፣ እማዬ” አልኳት።

“እንግዲያው እዚሁ ልሁን” አለች።

የወንድሜ ሚስት ምሳ ቀርቧል ብላ ጠራችን። የእናቴን እጅ ይዤ አስነሳኋት። ከሰዓት በኋላ ተሳፍሬ ወደ አዲስ አበባ ተመለስኩ።